ሥልጣን ወደ ታች ሲወርድ፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዕድር፣ በማኅበርና በቀበሌ አዳራሽ የሚነሱትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ያልተማከለ አስተዳደር ሲባል ምን ማለት ነው?

ውሳኔ ሰጪው ጉዳዩ ወዳለበት ቦታ እንዲቀርብ ማድረግ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ጣራ ቢያፈስ፣ ቆርቆሮ እንዲገዛ የሚፈርመው ሰው አዲስ አበባ ከተቀመጠ አስተዳደሩ የተማከለ ነው። ፈራሚው ባሕር ዳር ከሆነ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቀናል። ጎንደር ከሆነ ግን ወላጅ በእግሩ ሄዶ «ክረምት ሳይገባ ምነው ዝም አላችሁ?» ሊለው ይችላል።

በዚህ አንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ መክፈት ነው፤ የመብራት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ከተማችን ውስጥ አለ፣ ሠራተኛው ግን የሚታዘዘው ከአዲስ አበባ ነው። ሁለተኛው ውክልና ነው፤ የበላዩ አካል ሥራውን ይሰጣል፣ ሲፈልግ መልሶ ይወስደዋል። ሦስተኛው በሕግ ማስረከብ ነው፤ የአካባቢው ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት በጀቱን ያጸድቃል፣ ኃላፊውን ይሾማል፣ ይሽራል።

ስሙ በእውነት የሚገባው ለሦስተኛው ነው። እኔ «ሥልጣን ወርዷል» ሲባል ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ፊርማው ወርዷል? ገንዘቡ ወርዷል? ተጠያቂነቱስ? ከሦስቱ አንዱ ከላይ ከቀረ ወደ ታች የመጣው ሸክሙ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ ወደዚሁ ይመለሳሉ።

ታዲያ ፌዴራሊዝም ካለን ይህ አልተሟላም?

አልተሟላም። ፌዴራሊዝም በፌዴራሉ መንግሥትና በክልሎች መካከል ያለ ክፍፍል ነው። ክልሉ ለወረዳና ለከተማ የሚሰጠው ሥልጣን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚወሰነውም በክልሉ ሕገ መንግሥትና አዋጆች ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል፤ «በቂ» ስንት እንደሆነ ግን አይዘረዝርም።

ስለዚህ አገር ፌዴራል ሆኖ ሥልጣን በክልል ከተሞች ሊከማች ይችላል። አዲስ አበባ ይዞት የነበረውን ባሕር ዳር ቢይዘው ለአርማጭሆ ገበሬ የሚለወጥለት የመንገዱ ርዝመት ብቻ ነው።

ጎንደር ውስጥ የትኛው ጉዳይ የማን ነው? ለየትኛው ቢሮ ልሂድ?

ሰው በየቀኑ የሚንገላታው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። መብራት፣ ቴሌ፣ የአዘዞው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ መተማ፣ ወደ ሁመራ፣ ወደ ደባርቅና ወደ ባሕር ዳር የሚወጡት አውራ ጎዳናዎች፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ የፌዴራል ናቸው። ትራንስፎርመር ፈንድቶ ሰፈሩ ሲጨልም ከንቲባው ስልክ ደውሎ ከመለመን በቀር ማዘዝ አይችልም። ጤና ጣቢያው፣ የሰፈሩ ኮብልስቶን፣ የጎርፍ መውረጃ ቦዩ፣ የቆሻሻ አወጋገዱ፣ የገበያ ቦታው፣ የቀበሌ መታወቂያና የልደት ምዝገባ ግን የከተማ አስተዳደሩና ከሥሩ ያሉት የክፍለ ከተሞችና የቀበሌዎች ሥራ ነው። ማራኪ፣ አራዳ፣ ጃንተከል፣ ፋሲል፣ ዞብል፣ አዘዞ ጠዳ ብንሆን ሁላችንም የምንጀምረው ከዚያው ነው።

አንዳንዱ ጉዳይ ግን በአንድ እጅ አይደለም። የአንድ ልጅ ትምህርት ቤት ሕንፃውና የመምህሩ ቅጥር የከተማው ነው፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተናው የክልሉ ነው፣ የአሥራ ሁለተኛው ደግሞ የፌዴራሉ። መሬትም እንዲሁ ነው፤ የሊዝ አዋጁን ያወጣው ፌዴራሉ ነው፣ ደንቡንና መመሪያውን ክልሉ ያወጣል፣ ካርታውን የሚሰጠው ከተማው ነው። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢም ከተማችን እምብርት ላይ ቆሞ ጥገናው የፌዴራሉን የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድና መስፈርት ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ውኃ ነው። በፈረቃ የሚመጣውን ውኃ ለመቅዳት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚነሱ እናቶች በየሰፈሩ አሉ፤ ቢጫ ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር አድርገው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ። የተሰበረ ቧንቧ፣ የተዛባ ፈረቃና የተጋነነ ቢል የከተማው የውኃ አገልግሎት ኃላፊነት ነው፤ አቤቱታውም ለእርሱና ለቦርዱ ይቀርባል። የውኃው ማነስ ራሱ ግን የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላትና የከተማዋ ማደግ ያመጣው ነው። ለዚህ መፍትሔ ይሆናል ተብሎ ዓመታት ያስቆጠረው የመገጭ ግድብ የፌዴራል ፕሮጀክት ነው። እናቲቱ የምትቆጣው ቢል ይዞ በሚመጣው ልጅ ላይ ነው፤ ግድቡ የዘገየበት አካል ፊቷን አይቶ አያውቅም።

የማዕከላዊ ጎንደር ዞን ጎንደር ከተማን ያስተዳድራል?

አያስተዳድርም። የዞኑ መቀመጫ ጎንደር ከተማ ነው እንጂ ሥራው በዙሪያው ባሉት ወረዳዎች ላይ ነው፤ ለምሳሌ ጎንደር ዙሪያ፣ ደምቢያ፣ ወገራ፣ ላይ አርማጭሆ፣ ጭልጋ። የከተማ አስተዳደሩ ለብቻው ቆሞ ለክልሉ ተጠሪ ነው። ስለዚህ የከተማ ቦታ ጉዳይ ይዘው ዞን ቢሄዱ የሚጠብቅዎት «አይመለከተንም» የሚል ትክክለኛ መልስ ነው። ከማክሰኝት የመጣ ሰው ደግሞ ከወረዳው ውሳኔ ላይ ቅሬታ ካለው ከተማ አስተዳደሩ በር ላይ ቢሰለፍ ቀኑን ያቃጥላል።

በድሮው ዘመን እንዴት ነበር? ከንቲባ የጎንደር ማዕረግ ነው የሚባለውስ እውነት ነው?

እውነትነት አለው። ከንቲባ የጎንደር ሹም ከጥንት የሚጠራበት ማዕረግ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ድንጋጌም ከንቲባ የሚሾምባቸው ከተሞች ብሎ ለይቶ ያነሳቸው አዲስ አበባንና ጎንደርን ነበር። የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ በ1937 ዓ.ም. ተከተለ። ይሁንና ከንቲባውን የሚሾመውም የሚሽረውም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ በላዩም የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ገዥ ነበረበት። ማዕረጉ የእኛ፣ ሹመቱ የላይ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ለአውራጃዎች የራስ አስተዳደር ለመስጠት የወጣ ትእዛዝም ሥር ሳይሰድ አብዮቱ ደረሰበት።

ቀበሌ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት ሲወረስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር በየቀበሌው ተቋቋመ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ዛሬም «የቀበሌ ቤት» የምንለው ከዚያ የተረፈ ስም ነው። ቀበሌ የራሱ ፍርድ ሸንጎ፣ የራሱ ጥበቃ ነበረው። ከደጃፍ የቀረበ መንግሥት ከፈለጉ ከዚያ የቀረበ አልነበረም። ነገር ግን ጆሮው ወደ ላይ ነበር፤ ጎንደር በቀይ ሽብር ያለቀሰችው በሩቅ ሰው ብቻ ሳይሆን በሰፈሯ ሰውም ጭምር ነው። «መንግሥት ቀረበ» ሲባል «ለማን ይታዘዛል?» ብዬ የምጠይቀው ይህን ከሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ጋር ስላደግሁ ነው።

ክልሎች በ1984 ዓ.ም. በሽግግሩ ዘመን ተዋቀሩ፤ ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ጸና። ወረዳ በእውነት በጀት መያዝ የጀመረው ግን በ1994 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ጥቅል በጀት በቀጥታ ለወረዳ መሰጠት ተጀመረ፤ ከዞን ብዙ ባለሙያ ወደ ወረዳ ወረደ። የአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም በዚያው ዓመት ተሻሽሎ ወጣ።

የምከፍለው ግብር የት ይሄዳል? ጎንደር ይቀራል?

በማንነትዎ ይወሰናል። ሕገ መንግሥቱ ከአንቀጽ 96 እስከ 98 ገቢን ለፌዴራል፣ ለክልልና ለሁለቱ በጋራ ከፍሎ አስቀምጦታል። ሁለት ጎረቤታሞችን እንውሰድ፤ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ሌላዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ሁለቱም ጠዋት በአንድ ታክሲ ከማራኪ ይነሣሉ፣ የአንድ ሰፈር ጉድጓድ ያንገጫግጫቸዋል። የእርሱ የደመወዝ ግብር የፌዴራል ሠራተኛ ስለሆነ ለፌዴራል ይገባል፤ የእርስዋ ለክልሉ። ቅዳሜ ገበያ ሱቅ ያለው ግለሰብ ነጋዴ የትርፍ ግብሩ የክልሉ ነው። ኩባንያ ከሆነ ግን ፌዴራሉና ክልሉ ይጋሩታል። የጉምሩክ ቀረጥ ሁሉ የፌዴራል ነው።

ከተማው የራሴ የሚለው የማዘጋጃ ቤት ገቢ አለው፦ የሊዝ ገንዘብ፣ የቦታ ኪራይ፣ የቤት ግብር፣ የገበያና የልዩ ልዩ አገልግሎት ክፍያ። ይህ ለመንገድ፣ ለቦይ፣ ለጽዳት ይውላል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ የከተሞችን ገቢ ከፍ ለማድረግ የታሰበ ነው። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ነገር ግን ቤቱን በጡረታ ገንዘብ ለሠራ ሰው ግምቱ እንዴት እንደወጣ በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ ተመኑ በየሰፈሩ ተለጥፎ ሳይታይ ማስከፈል ቂም ነው የሚያተርፈው።

ወረዳውና ከተማው ሥልጣን አላቸው ከተባለ ለምን ሁልጊዜ «በጀት የለም» ይላሉ?

ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። አገሪቱ ከምትሰበስበው ገቢ ብዙው ክፍል በፌዴራሉ እጅ ይገባል፤ ወደ ክልሎች የሚመለሰው በድጎማ ነው። ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ባለፉት ዓመታት በተሠራበት ቀመር የአማራ ክልል ድርሻ 21.6 በመቶ ገደማ ነበር። ክልሉ ደግሞ የደረሰውን ለወረዳዎችና ለከተሞች በራሱ ቀመር ያከፋፍላል፤ የሕዝብ ብዛት፣ የአገልግሎት ጉድለትና ገቢ የመሰብሰብ አቅም ይታያሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ክልሉ የአንድን ወረዳ ወጪ ሲያሰላ ወረዳው ራሱ ይሰበስበዋል ብሎ የገመተውን ገቢ ቀንሶ ነው የሚልከው። ግምቱ ከፍ ብሎ ገበያው ከቀዘቀዘ፣ ወይም መንገድ ተዘግቶ ነጋዴው ካልሠራ ጉድለቱ የወረዳው ነው። ያን ጊዜ የመምህር ደመወዝ መዘግየት ይጀምራል።

አንድ ሰኔ ላይ የሰፈራችንን ቦይ ጉዳይ ይዘን ሦስት ሆነን አንድ የበጀት ባለሙያ ዘንድ ገባን። ሰውየው አልተቆጣንም። የበጀት ሰነዱን ገልጦ በእርሳስ ጫፍ እየነካ አሳየን፦ ይህ ደመወዝ ነው፣ ገጹ ሁሉ ማለት ይቻላል፤ ይህ ሥራ ማስኬጃ፣ ነዳጅና ወረቀት፤ ወደ ታች ወርዶ አንድ መስመር ላይ ቆመና «ለአዲስ ሥራ የቀረችው ይቺ ናት፣ ለሰፈሩ ሁሉ» አለን። እርሳሱን አስቀምጦ መነጽሩን ጠረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሥልጣን አላቸው» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ እጠቀምበታለሁ፤ ቋሚ ደመወዝ ከፍሎ የሚያልቅ በጀት የያዘ ምክር ቤት የሚከራከረው በምኑ ላይ ነው?

ለኮብልስቶን፣ ለቦይ፣ ለትምህርት ቤት አዋጡ የምንባለው ግዴታ ነው?

ግብር ሕግ ይፈልጋል፤ መዋጮ ፈቃድ። በሕግ ያልተጣለ ክፍያን አልከፍልም ማለት መብት ነው፤ በዚህ ምክንያት መታወቂያ ወይም ሌላ አገልግሎት መከልከል አግባብ አይደለም። ከዚያ ባሻገር ግን ሰፈር ተስማምቶ ያዋጣው ገንዘብ በየሰፈሩ ያየነው መልካም ሥራ እንዳለውም አልክድም። የእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ግማሽ ወጪው ከነዋሪው ኪስ የወጣ ነው፤ ድንጋዩ ሲነጠፍ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ቁጭ ብለው ያዩ ነበር፣ ጥራቱን የሚቆጣጠሩትም ሁለት ጡረተኞች ነበሩ። መዋጮ ሲሰጡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ደረሰኝ፣ ከነዋሪው የተመረጠ ኮሚቴ፣ መጨረሻ ላይ በአዳራሽ የሚነበብ ሒሳብ።

ሥልጣኑ በእጃቸው ሆኖ ለምን «የበላይ አካል ይወስን» ይላሉ?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በምሬት ነው የሚጠየቀው፤ ምሬቱም ተገቢ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ከባላቸው የወረሱትን ቤት ካርታ ለማዞር ሁለት ክረምት ተመላልሰዋል። ማኅደራቸውን በሻሽ ጠቅልለው ነበር የሚይዙት፣ ዝናብ እንዳይነካው። መመሪያው ጉዳዩን ለዚያው ቢሮ የሰጠው ነበር፤ ኃላፊው ግን «ከላይ ጠይቀናል» ይላቸዋል። መጨረሻ ላይ ከላይ የመጣው ደብዳቤ «በመመሪያው መሠረት ፈጽሙ» የሚል ነበር።

ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። ወስኖ የተሳሳተ ይጠየቃል፤ ሳይወስን ያቆየ አይጠየቅም። ባለሙያው በየጊዜው ይቀያየራል፣ መመሪያው ከመደርደሪያ ላይ አይገኝም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ከላይ እስከ ታች ያለውን ወንበር የያዘው አንድ ገዥ ፓርቲ ሆኖ መኖሩ ነው። የወረዳ አስተዳዳሪ በሕግ ለምክር ቤቱ ተጠሪ ቢሆንም እንጀራው በፓርቲው በኩል ነው የሚጋገረው። ስለዚህ ዓይኑ የሚያየው ወደ ላይ ነው። ይህ ጠባይ በሥልጠና ብቻ የሚለወጥ አይመስለኝም፤ የሚለወጠው ነዋሪው ሊያወርደው እንደሚችል ሲያውቅ ነው። ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ የሚወስደንም ይኸው ነው።

ከንቲባውን ለምን እኛ በቀጥታ አንመርጥም? የምክር ቤት አባሎቻችንንስ መቼ መረጥናቸው?

በክልላችን ሕግ ከንቲባውን የሚመርጠው የከተማው ምክር ቤት ነው። ነዋሪው ምክር ቤቱን ይመርጣል፣ ምክር ቤቱ ከንቲባውን። ይህ በብዙ አገር ያለ አሠራር ነው፤ በራሱ ጉድለት አልለውም።

ጉድለቱ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ያኔም በርካታ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን አግልለው ነበር። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነበርና በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ምርጫ ተራዘመ። በ2013 ዓ.ም. ጠቅላላ ምርጫ የፌዴራልና የክልል ምክር ቤቶች፣ እንዲሁም የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች ሲመረጡ የወረዳ፣ የቀበሌና እንደ ጎንደር ያሉ ከተሞች ምክር ቤቶች ተራ አልደረሳቸውም። በ2005 ዓ.ም. 18 ዓመት ሞልቶት ድምፅ የሰጠ ወጣት ዛሬ ሠላሳውን አልፏል። ከእርሱ በኋላ የተወለዱት ደግሞ የሰፈራቸውን ተወካይ መርጠው አያውቁም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። ነገር ግን ያልመረጡትን ሰው እንዴት ያነሱታል? ስለ ያልተማከለ አስተዳደር ስንነጋገር ስለ በጀትና ስለ ሥልጠና ብዙ ይወራል፤ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው የአካባቢ ምርጫን ነው። ጸጥታው አልተመቸም ቢባል እንኳ ቢያንስ ቀኑ መቼ እንደሚታሰብ ለሕዝብ መነገር አለበት።

ሥልጣን ሲወርድ ሌብነቱም አብሮ አይወርድም?

ሊወርድ ይችላል፤ ይህን ስጋት የሚያነሱ ሰዎች ከልባቸው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ባለበት አገር ፊርማን ማብዛት የሚያሳስብ ነው። በተለይ በከተማ ቦታ ላይ፣ ትንሽ ወንበር ትልቅ ዋጋ አለው። የቅርብ ሹም ዘመድና አበልጅ አለው፣ ምልጃውም ቅርብ ነው።

ይሁን እንጂ ከሩቅ የተሰረቀውን የሚያየው የለም፤ ከቅርብ የተሰረቀውን ጎረቤት ያያል። ቦዩ ስሚንቶ እንደጎደለው የሚያውቀው ውኃ የገባበት ሰው ነው። የሚያስፈልገው ያየው ሰው የሚናገርበት ቦታ ነው፦ የምክር ቤቱ የበጀት ቋሚ ኮሚቴ፣ የክልሉ ዋና ኦዲተር፣ የክልሉ ፀረ ሙስና ኮሚሽን፣ ለአስተዳደር በደል ደግሞ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ያለው የዕንባ ጠባቂ ተቋም። የኦዲት ግኝት በአዳራሽ የማይነበብ ከሆነ ግን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው ወርዶ ለቀበሌ ሊቀመንበርም ይሠራል።

የከተማዬን በጀት ማየት እችላለሁ? እንዴት ልጠይቅ?

ይችላሉ፤ ምክንያትዎን እንዲያስረዱም አይጠበቅብዎትም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያስገድዳል። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ይቀርባል። ከከለከሉዎት ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ቀጥሎ ወደ መሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ወደ ዕንባ ጠባቂ ይሂዱ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ስለዚህ ለሰፈርዎ ሥራ የሚያስይዙት ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ዕቅዱ ሲዘጋጅ ነው። ሐምሌ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ለሚቀጥለው ዓመት ነው። ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ «የ…ክፍለ ከተማ የዚህ ዓመት የካፒታል በጀትና እስካሁን ሥራ ላይ የዋለው መጠን ይሰጠኝ» ይበቃል። በሁለት ቅጂ አድርገው አንዱ ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን ያስመቱ። ያለ ማኅተም 30 ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር ማሳየት አይችሉም።

ጸጥታ ሲደፈርስ የአካባቢ ሥልጣን ምን ይሆናል?

ወደ ላይ ይሰበሰባል። በአንቀጽ 93 መሠረት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የፌዴራሉ መንግሥት ሰፊ ሥልጣን ያገኛል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ መጀመሪያ ለስድስት ወር፣ ከዚያ ለአራት ወር ጸንቶ ነበር። በዚያ ጊዜ ሰው ስለ ሰዓት እላፊና ስለ መንገድ መዘጋት የሚጠይቀው ከንቲባውን ሳይሆን ኮማንድ ፖስቱን ነበር።

አዋጁ ቢያበቃም ችግሩ አላበቃም። ጽሕፈት ቤቱ የተዘጋበት የገጠር ቀበሌ የልደት ምስክር ወረቀት አይሰጥም፣ ማዳበሪያ አያከፋፍልም፣ የድንበር ጠብ አይሸመግልም። ይህን ሁሉ ለማግኘት ገበሬው ወደ ወረዳ ከተማ ወይም ወደ ጎንደር ይመጣል፤ መንገድ ሲዘጋ ይቀራል። በሽማግሌና በዕድር እየተደገፉ ቀኑን የሚገፉ አካባቢዎች ምን ያህል እንደተጎዱ በሰላሙ ጊዜ ቀበሌን ስንነቅፍ የኖርን ሰዎች ዛሬ ገብቶናል።

ሥልጣን እንዲህ ከተበተነ ዘመነ መሳፍንት አይመለስም?

ይህን ጥያቄ ጎንደሬ ሲጠይቅ ከታሪክ መጽሐፍ አንብቦ ብቻ አይደለም፤ ከተማው የደረሰባትን ያውቃል። ከ1761 ዓ.ም. ጀምሮ ለሰማንያ ስድስት ዓመት ያህል ንጉሡ በጎንደር ግቢ በስም ተቀምጦ ሥልጣኑ በየመስፍኑ እጅ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን የተደረገውን ልብ ብለን እንየው። መሳፍንቱ ሥልጣናቸውን ከሕግ አልተቀበሉም፣ በጦር ነው የያዙት። ግብሩን የሚሰበስቡት ለራሳቸው ሠራዊት ነው። ገበሬው ሹሙን አይመርጥም፣ አይሽርም፤ አቤት የሚልበት ዳኛም አልነበረም። ያኔ ከግቢው የወጣው ሥልጣን መሳፍንቱ ዘንድ ቆመ፤ እስከ ገበሬው ደጅ አልወረደም። ወረዳ በሕግ የተቆረጠ ሥልጣን ይዞ፣ በኦዲተር እየተመረመረ፣ በየአምስት ዓመቱ ለመራጩ ቢቀርብ ከዚያ ጋር የሚመሳሰል ነገር የለውም። የታጠቀ ሁሉ የየራሱን ቀረጥ ሲያስከፍል ግን ይመሳሰላል፤ ስጋቱም እዚያ ላይ ቢሆን ትክክል ነው።

ተቃራኒውንም ጎንደር አይታዋለች። የቋራው ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ የተበተነውን አገር ለመሰብሰብ ተነሡ፤ በደመወዝ የሚያድሩ ገዥዎችና ዳኞች ለመሾም ሞከሩ። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ሲቆም ግን አውራጃው ተራ በተራ ሸፈተ፣ ንጉሡም በቁጣ ላይ ቁጣ ጨመሩ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በገዛ ንጉሥዋ ትእዛዝ ተቃጠለች፤ ከአብያተ ክርስቲያናቷ ከእሳት የተረፉት ጥቂት ናቸው። ከእነዚያ አንዷ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት፤ ጣሪያዋ ላይ የተሣሉት ኪሩቤል እስከ ዛሬ አሉ።